በቀድሞ የኮምፒዩተር ጨዋታዎች ስለሚታየው የአካል እንቅስቃሴ መቈራረጥ፤ ምክንያቱና ማቃኛው

መግቢያ

አንድ የክፍል ጓደኛዬ አዲስ ኮምፒዩተር ገዝቶ፥ በልጅነቱ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ይጫወተው የነበረውን ኩዌክ የተባለውን የቀድሞ ጨዋታ ጫነበት። ጨዋታው ሲከፈት ግድግዳው፥ ደረጃውና ውሃው ሁሉ ከድሮው ይልቅ ጠርቶ ታየ፤ ጭራቆቹ ግን ወደ እርሱ ሲመጡ ቆም እያሉ ይዘሉ ነበር እንጂ እንደሚራመድ ፍጡር አልመጡም። ጓደኛዬም መኪናው የታመመ መስሎት ወደ አንድ ጠጋኝ ወሰደው። ጠጋኙም ነገሩን ሳይመረምር በውስጡ ያለውን ሁሉ ደምስሶ እንደ አዲስ ጫነለትና ዋጋውን ተቀበለ። ጨዋታው ዳግመኛ በተከፈተ ጊዜ ጭራቆቹ እንደ ቀድሞው ይዘሉ ነበር። የጠፋው ጓደኛዬ ለመመረቂያ ሲያዘጋጀው የቈየው የአንድ መንፈቅ ጽሑፍ ብቻ ነው።

ይህን አጭር ጥናት ለማቅረብ ያነሣሣኝ ይህ ነገር ነው። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፤ ነገር ግን በሽታውን ሳያውቅ መድኃኒት የሚሰጥም ከዚህ የተሻለ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ በመጀመሪያ የመቈራረጡ ምክንያት ከወዴት እንደ ሆነ፥ ቀጥሎም በምን ዐይነት ዘዴ እንደሚቃና፥ በመጨረሻም የማቃናቱ ሥራ የት ላይ መቆም እንደሚገባው ለማስረዳት እሞክራለሁ። የቀድሞ ጨዋታዎች ብዙ ስለ ሆኑ ሁሉንም በአንድነት ከማንሣት ይልቅ የአንዱን የኩዌክን ነገር በሚገባ መመርመሩ ይሻላል ብዬ አስቤአለሁ። ይህን የመረጥሁበትም ምክንያት የጨዋታው ውስጣዊ አሠራር ለሁሉ የተገለጠ በመሆኑ፥ በግምት ሳይሆን በማስረጃ ለመናገር ስለሚቻል ነው።

ስለ ጨዋታው አጭር መግለጫ

ኩዌክ ኢድ ሶፍትዌር በተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ተሠርቶ በሰኔ ወር 1988 ዓ.ም. (እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1996) ወጣ። ከሠሪዎቹ መካከል ጆን ካርማክና ማይክል አብራሽ በፕሮግራም ጸሓፊነታቸው የታወቁ ናቸው። ከዚያ በፊት ከነበሩት ከብዙዎቹ ጨዋታዎች የሚለየው፥ ጭራቆቹ በጠፍጣፋ ሥዕል የሚታዩ ሳይሆኑ፥ እንደ ተቀረጸ ምስል ርዝመት፥ ስፋትና ከፍታ ያላቸው አካላት መሆናቸው ነው።

ሦስት ዓመት ተኩል ካለፈ በኋላ፥ በታኅሣሥ ወር 1992 ዓ.ም. (በ1999)፥ ኩባንያው የፕሮግራሙን ምንጭ ጽሑፍ ጂ.ፒ.ኤል. በተባለው ነጻ ፈቃድ ለሕዝብ ሰጠ። የተሰጠው ግን ፕሮግራሙ ነው እንጂ ሥዕሎቹ፥ ድምፆቹና ሕንጻዎቹ አይደሉም፤ እነዚህን ለማግኘት ዛሬም ጨዋታውን መግዛት ያስፈልጋል። ቢሆንም ምንጩ ከተገለጠ ወዲህ ብዙ ፕሮግራም ጸሓፊዎች እያረሙና እያሻሻሉ አዳዲስ ሞተሮች ሠሩለት። ሞተር ማለት የጨዋታውን ሕግ የሚያስፈጽምና ሥዕሉን በስክሪን ላይ የሚያወጣው ፕሮግራም ነው። ከእነዚህም መካከል ፊትዝኩዌክ የተባለውና ከእርሱ የተወለደው ኩዌክስፓዝም ለያዝነው ነገር ዋናዎቹ ናቸው።

የመጀመሪያው ምክንያት፤ ጊዜ

በኩዌክ ውስጥ ያለ ጭራቅ ዘወትር አያስብም። በየ0.1 ሴኮንዱ፥ ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 10 ጊዜ ብቻ ይነቃል። በነቃም ጊዜ ሦስት ነገር ያደርጋል፤ ጠላቱ የት እንዳለ ያያል፤ የአካሉን ቁመና ወደሚቀጥለው ቁመና ይለውጣል፤ ከቆመበትም ቦታ ጥቂት ይራመዳል። ከዚያ በኋላ እስከሚቀጥለው መንቂያው ድረስ እንደ ሐውልት ደርቆ ይቆማል።

ለምሳሌ ኦገር የተባለውን ጭራቅ እንውሰድ። ይህ ጭራቅ ሲሮጥ 8 ቁመናዎች አሉት። በእያንዳንዱ ቁመና የሚሄደው ርቀት በጨዋታው ዓለም መለኪያ በተራ 9፥ 12፥ 8፥ 22፥ 16፥ 4፥ 13 እና 24 አሐድ ነው። ቢደመር 108 ይሆናል። ስለዚህ ኦገር አንዱን የሩጫ ዙር በ0.8 ሴኮንድ ሲጨርስ 108 አሐድ ይሄዳል፤ በአንድ ሴኮንድ 135 አሐድ ማለት ነው። ተጫዋቹ ግን በሴኮንድ እስከ 320 አሐድ ይሮጣል።

አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው ቍጥሮቹ እኩል አለመሆናቸውን ነው። ከባድ ሰውነት ያለው ፍጡር ሲሮጥ እግሩን መሬት ላይ ሲተክል ይዘገያል፤ ገፍቶ ሲነሣ ይፈጥናል። 4 አሐድና 24 አሐድ የተለያዩት በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ በመደረጉም ቁመናውና ርቀቱ ስለሚስማሙ እግሩ በመሬት ላይ አይንሸራተትም። ይህ በስንፍና የተተወ ሥራ ሳይሆን ታስቦ የተሠራ መሆኑን ያሳያል።

ቀድሞ ስለ ምን አልታየም?

እንግዲህ ነገሩ ከመጀመሪያው ጀምሮ በሴኮንድ 10 ጊዜ ከሆነ፥ የ1988 ዓ.ም. ተጫዋቾች ስለ ምን እንደ ዛሬው አልተቸገሩም? መልሱ የቀረው ዓለምም ከጭራቁ ብዙ ያልፈጠነ ስለ ነበረ ነው። በዚያን ዘመን የነበረው ኮምፒዩተር በሴኮንድ ውስጥ የሚያወጣው ሥዕል ጥቂት ነበር። መኪናው በሴኮንድ 20 ሥዕል ቢያወጣ፥ የጭራቁ አንድ ቁመና ለ2 ሥዕል ብቻ ይቈያል። ተጫዋቹ ፊቱን ሲያዞር ግድግዳው ራሱ እየዘለለ ስለሚታየው፥ የጭራቁ መዝለል ከግድግዳው መዝለል ተለይቶ አይታወቅም።

ዛሬ ግን ተራው ስክሪን በሴኮንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ ለጨዋታ ተብሎ የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ 144 ጊዜ ይታደሳል። በ60ው ላይ አንዱ ቁመና ለ6 ሥዕል ሳይነቃነቅ ይቆማል። በ144ቱ ላይ ደግሞ 144 ለ10 ሲካፈል 14.4 ስለሚሆን፥ አንዱ ቁመና 14 ሥዕል ሌላው 15 ሥዕል እየቈየ አለመስተካከልም ይጨመርበታል። በዚህ ጊዜ ግድግዳው እንደ ወራጅ ውሃ ለስልሶ ሲያልፍ፥ በመካከሉ ያለው ጭራቅ ብቻ ይቈራረጣል። ዐይን የሚሰናከለውም በዚህ ልዩነት ነው።

ከዚህ የምንረዳው፥ አዲሱ መኪና እንዳልታመመ፥ የቀድሞውም ሥራ እንዳልተበላሸ ነው። የተጣሉት ሁለት የጊዜ አቈጣጠሮች ናቸው። እንዲያውም ኮምፒዩተሩ በበረታ ቍጥር ነገሩ ይብሳል እንጂ አይሻልም። ስለዚህ መቈራረጡን ለማስቀረት ብሎ ውድ የሥዕል ካርድ የሚገዛ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያጠፋል።

የተሳሳተ ማቃኛ

ይህን የሚሰማ ሰው ወዲያው «እንግዲያውስ ጭራቁን በሴኮንድ 20 ጊዜ ማንቃት ነው» ሊል ይችላል። በእርግጥም በምንጭ ጽሑፉ ውስጥ 0.1 የተባለውን ጊዜ ወደ 0.05 ለመለወጥ የሚያስችል፥ ነገር ግን ሳይሠራበት የቀረ አማራጭ መስመር ይገኛል። ሆኖም «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» እንደሚባለው፥ ይህ ብቻውን ቢደረግ ኦገር 108 አሐድ የሚሄደው በ0.8 ሴኮንድ ሳይሆን በ0.4 ሴኮንድ ይሆናል። ፍጥነቱ ከ135 ወደ 270 አሐድ ይወጣል ማለት ነው። የሚመታበትም ፍጥነት እንዲሁ በእጥፍ ይጨምራል። ሥዕሉ ጥቂት ለስልሶ ጨዋታው ሌላ ጨዋታ ይሆናል፤ ቀድሞ በጥንቃቄ ያመልጡት የነበረው ጭራቅ የማይመለጥ ይሆናል።

ከዚህም አንድ ደንብ ይወጣል፤ ይኸውም በቀድሞ ሥራ ላይ ማቃናት ሲደረግ የሚታየውን ብቻ መንካት ይገባል እንጂ የሚፈርደውን መንካት አይገባም የሚል ነው። የሚፈርደው ያልሁት ጭራቁ በእውነት የት እንዳለ፥ መቼ እንደሚመታ፥ ጥይቱ ያገኘው ወይም የሳተው መሆኑን የሚወስነው የጨዋታው ክፍል ነው። የሚታየው ደግሞ ይህን ውሳኔ ለዐይን የሚያቀርበው ሥዕል ነው።

ትክክለኛው ማቃኛ፤ መካከሉን መሙላት

ትክክለኛው ዘዴ ጭራቁን በሴኮንድ 10 ጊዜ ብቻ እንዲነቃ ትቶ፥ በሁለቱ መንቂያዎች መካከል ያለውን ባዶ ጊዜ በስሌት መሙላት ነው። ኦገር ከቆመበት 24 አሐድ ወደ ፊት ተራመደ እንበል። የቀድሞው ሞተር በአንድ ጊዜ 24 አሐድ ያዘልለዋል። አዲሱ ሞተር ግን ያለፈውን ቦታና የአሁኑን ቦታ ሁለቱንም ያስታውሳል፤ በ60ው ስክሪን ላይ 24ን ለ6 ሥዕሎች ያካፍልና በ4፥ በ8፥ በ12፥ በ16፥ በ20፥ በመጨረሻም በ24 አሐድ ላይ ያሳየዋል። ለአካሉ ቁመናም እንዲሁ ያደርጋል። ክንዱ ባለፈው ቁመና ዝቅ ብሎ በአሁኑ ከፍ ያለ ቢሆን፥ በመካከል ያሉትን አምስት ከፍታዎች አስልቶ ይሥላል።

ሁለቱም፥ ማለት ቦታውና ቁመናው፥ አብረው መሞላት አለባቸው። ቦታው ብቻ ቢለሰልስ ጭራቁ እግሩን ሳያነሣ በበረዶ ላይ እንደሚንሸራተት ሰው ይሆናል። ቁመናው ብቻ ቢለሰልስ ደግሞ አካሉ በልስላሴ እየተንቀሳቀሰ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘላል።

በዚህ ረገድ በምንጭ ጽሑፉ ውስጥ የሚገኝ አንድ ነገር እጅግ አስደሰተኝ። የመጀመሪያው ኩዌክ ራሱ የአንዳንድ ነገሮችን ቦታ በመካከል እየሞላ ያሳይ ነበር። በእርምጃ ለሚሄዱት ጭራቆች ግን «አታለስልስ» የሚል ምልክት ተደርጎባቸዋል፤ ከምልክቱም አጠገብ የእርምጃው እንቅስቃሴ እንዳይበላሽ መሆኑን የሚገልጽ አጭር ማስታወሻ አለ። ሠሪዎቹ ቁመናው ሳይለሰልስ ቦታው ብቻ ቢለሰልስ እግሩ እንደሚንሸራተት ያውቁ ነበርና፥ የተቈራረጠውን መርጠው የተንሸራተተውን ተዉት ማለት ነው። ከዓመታት በኋላ ፊትዝኩዌክ ቁመናውንም ማለስለስ ስለ ቻለ፥ ያው ምልክት አገልግሎቱ ተለወጠ። ስሙንም ለውጠው «የሚራመድ» አሉት፤ በእርሱም እየለዩ ቦታውና ቁመናው አብረው የሚለሰልሱትን ያውቁበታል። የመከልከያ ምልክት የነበረው መሪ ምልክት ሆነ። አንድን የቀድሞ ሥራ ከማቃናት በፊት ሠሪው ስለ ምን እንዲህ እንዳደረገ መጠየቅ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ ይታወቃል።

ዘዴው አዲስ ግኝት አይደለም። በ1997 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር የወጣው ኩዌክ 2 ከመጀመሪያው ጀምሮ ቁመናዎቹን በመካከል እየሞላ ያሳይ ነበር።

ሊለሰልሱ የማይገባቸው ነገሮች

መካከሉን መሙላት ለሁሉ አይበጅም። ቢያንስ ሦስት ነገሮች ተለይተው መተው አለባቸው።

አንደኛው የጠመንጃ አፍ ብልጭታ ነው። ብልጭታው ከጠመንጃው ቅርጽ ጋር አብሮ የተቀረጸ ሲሆን፥ በማይተኰስበት ጊዜ በጠመንጃው ውስጥ ተሸሽጎ ይቀመጣል። ሲተኰስ በአንድ ጊዜ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። በመካከል ቢሞላ ግን እንደ ተለጠጠ ሊጥ ቀስ ብሎ ሲወጣ ይታያል። ስለዚህ ሞተሩ የተኵስ ምልክት ባየ ጊዜ ማለስለሱን ለጊዜው ያቋርጣል።

ሁለተኛው የችቦ ነበልባል ነው። የነበልባሉ ቁመናዎች አንዱ ከሌላው የሚቀጥሉ አይደሉም፤ እሳት ሲንቦገቦግ እንደምናየው በድንገት የሚለዋወጡ ናቸው። ቢለሰልሱ እሳትነታቸው ቀርቶ እንደ ጨርቅ ይወዛወዛሉ። ስለዚህ በኩዌክስፓዝም ውስጥ የማይለሰልሱ ነገሮች ስም ዝርዝር አለ፤ የችቦዎቹም ስም በዚያ ተጽፎ ይገኛል።

ሦስተኛው ከቦታ ወደ ቦታ በተአምር የሚሻገር ነገር ነው። በጨዋታው ውስጥ አንድ ሰው በአንድ በር ገብቶ በሌላ ሕንጻ ውስጥ ሊወጣ ይችላል። ይህ ቢለሰልስ ግድግዳ እየበሳ ሲበር ይታይ ነበር። የመጀመሪያው ሞተር ራሱ ለዚህ መፍትሔ ነበረው፤ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ከ100 አሐድ በላይ ከሄደ፥ ተሻገረ እንጂ ተራመደ አይባልም።

ሁለተኛው ምክንያት፤ የቦታ ልክ

ጊዜው ከተቃና በኋላ ሌላ ጉድለት ይገለጣል። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ሰው የጭራቁ ቆዳ እንደ ረጋ ቅባት ሲርገበገብ ይታያል። ይህም የመጣው የአካሉ ነጥቦች በተመዘገቡበት አነስተኛ ልክ ነው።

በ1988 ዓ.ም. የኮምፒዩተር ማኅደረ ትውስታ ጠባብ ስለ ነበረ፥ እያንዳንዱ የአካል ነጥብ የተመዘገበው በ4 ባይት ብቻ ነው፤ አንዱ ለርዝመት፥ አንዱ ለስፋት፥ አንዱ ለከፍታ፥ አራተኛው ለብርሃን አወዳደቅ። በአንድ ባይት ከ0 እስከ 255 ብቻ መቍጠር ይቻላል። ስለዚህ የአንዱ ጭራቅ ቅርጽ በአንድ አቅጣጫ 102 አሐድ ቢሆን፥ ለ255 ሲካፈል አንዱ ደረጃ 0.4 አሐድ ይሆናል። ከዚህ ያነሰ እንቅስቃሴ አይመዘገብም፤ ወይ ይቀራል ወይ ወደ ቀጣዩ ደረጃ ይዘላል። በዚህ ላይ መለኪያው ለሁሉም ቁመናዎች አንድ ነው። ጭራቁ ሲሞት በቁመቱ ተዘርግቶ የሚወድቅ ከሆነ፥ ለዚያ የሚበቃው ሰፊ መለኪያ ቆሞ ሲተነፍስም ያገለግላል፤ ትንፋሹም በዚያው መጠን ሸካራ ይሆናል። የብርሃኑም አቅጣጫ ከተወሰኑ 162 አቅጣጫዎች በአንዱ ብቻ የሚመረጥ ነው።

እንዲሁም ሕጉን የሚያስፈጽመው ክፍል ሥዕሉን ለሚያወጣው ክፍል የጭራቁን ቦታ ሲያስታውቅ በ0.125 አሐድ ልክ ብቻ ነበር። ፊቱ የዞረበትንም አቅጣጫ ከ256 አቅጣጫዎች በአንዱ ይገልጽ ነበር፤ 360 ለ256 ሲካፈል ወደ 1.4 ዲግሪ ገደማ ነው።

የመልእክቱ ሸካራነት በአዳዲሶቹ ሞተሮች ሊሻሻል ይችላል፤ ከፍ ያለ ልክ ያላቸው የመልእክት ደንቦች ወጥተዋልና። የቅርጹ ሸካራነት ግን በስሌት አይመለስም፤ ያልተመዘገበውን ነገር የትኛውም ሞተር ሊያገኘው አይችልም። በመካከል መሙላቱ እንዲያውም መርገብገቡን ጐልቶ እንዲታይ ያደርገዋል፤ ቀድሞ በየ0.1 ሴኮንዱ የሚዘለው ነጥብ አሁን ዘወትር ሲዋኝ ይታያልና። ለዚህ ያለው መድኃኒት ቅርጹን እንደ ገና መሥራት ብቻ ነው። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. (በ2021) በወጣው አዲሱ የኩዌክ እትም ይህ ተደርጓል። ከእርሱ ጋር በአጥንት መዋቅር የሚንቀሳቀሱ አዳዲስ የጭራቅ ቅርጾች ቀርበዋል፤ የቀድሞዎቹን የሚወድ ተጫዋችም እነርሱን መርጦ ማሳየት ይችላል።

ሦስተኛው ምክንያት፤ ሕግና ሥዕል መቈራኘታቸው

የመጀመሪያው ሞተር በሴኮንድ ከ72 በላይ ሥዕል እንዳያወጣ ተወስኖ ነበር። ይህም ያለ ምክንያት አልነበረም። ሕጉና ሥዕሉ በአንድ ቀንበር የተጠመዱ በሬዎች ስለ ነበሩ፥ ሥዕል በወጣ ቍጥር ስበትም፥ ሰበቃም፥ መጋጨትም ይሰላል። የሥዕሉ ብዛት ሲለወጥ የስሌቱ ውጤትም ጥቂት በጥቂት ይለወጣል። ስለዚህ 144 ጊዜ የሚታደስ ስክሪን ያለው ሰው ወሰኑን ብቻ ቢያነሣ፥ ነገሮች ሠሪዎቹ ባላሰቡት መንገድ ሊሄዱ ይችላሉ።

አዲሶቹ ሞተሮች ይህን ቀንበር ፈትተውታል። ሕጉ በሴኮንድ በ72 ተወስኖ ሲቀር፥ ሥዕሉ ስክሪኑ የቻለውን ያህል ይወጣል። ይህም ከላይ ያልሁትን ደንብ ያጸናል፤ የሚታየው ሲፈታ የሚፈርደው እንደ ቆመ ይቈያል።

የማለስለስ ዋጋ

እስከ አሁን የማለስለስን ጥቅም ብቻ ተናገርሁ፤ ዋጋም እንዳለው መሸሸግ አይገባም። ኦገር 24 አሐድ በተራመደ ጊዜ፥ በጨዋታው ሕግ ያን ጊዜውኑ በአዲሱ ቦታ ላይ ነው። ስክሪኑ ግን ገና ከቀድሞው ቦታ ሲነሣ ያሳየዋል፤ የሚደርሰውም ከ0.1 ሴኮንድ በኋላ ነው። ስለዚህ የምናየው ጭራቅ ከእውነተኛው ጭራቅ እስከ 24 አሐድ ወደ ኋላ ይቀራል። ጥይቱን የሚፈርደው ደግሞ እውነተኛው ቦታ ነው።

ይህ ተጫዋቹን ይጐዳዋልን? እንመዝነው። ኦገር ለጥይት የሚጋለጥበት ሣጥን ስፋቱ 64 አሐድ ነው፤ ከመካከል እስከ ጫፍ 32 አሐድ ማለት ነው። ጭራቁ በጐን በኩል እያለፈ በሚታየው አካል መካከል ላይ ያነጣጠረ ሰው፥ ትልቁ ስሕተት 24 ስለ ሆነና 24 ከ32 ስለሚያንስ፥ ጥይቱ ያገኘዋል። በሚታየው አካል የኋላ ጫፍ ላይ ያነጣጠረ ግን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ጉዳቱ ትንሽ ቢሆንም የለም አይባልም። ውድድር የሚወድ ሰው የቀድሞውን መቈራረጥ ቢመርጥ፥ ምርጫው እልከኝነት ሳይሆን ምክንያት ያለው ነው።

በተግባር እንዴት ይደረጋል?

ችግሩ የገጠመው አንባቢ በሚከተለው ተራ ቢሄድ ይጠቀማል።

1ኛ፤ ማናቸውንም ነገር ከመንካቱ በፊት የራሱን ጽሑፎች በሌላ ቦታ ይገልብጥ። ጨዋታ ይመለሳል፤ የጠፋ ጽሑፍ አይመለስም።

2ኛ፤ የሚቈራረጠው ምን እንደ ሆነ ይለይ። በጨዋታው ውስጥ ጭራቅ በሌለበት ክፍል ቆሞ ፊቱን ቀስ ብሎ ያዙር። ግድግዳው ራሱ የሚዘል ከሆነ፥ ነገሩ የሥዕሉ ብዛት ከስክሪኑ መታደስ ጋር ያለመስማማቱ ነው። ለምሳሌ በሴኮንድ 72 ሥዕል 60 ጊዜ ብቻ በሚታደስ ስክሪን ላይ ሲወጣ 12ቱ በሙሉ አይታዩም። በዚህ ጊዜ ሥዕሉ ስክሪኑን እንዲጠብቅ የሚያደርገውን ምርጫ መክፈት ይበቃል። ግድግዳው ለስልሶ ጭራቁ ብቻ የሚቈራረጥ ከሆነ ግን እስከ አሁን የገለጽሁት ነው።

3ኛ፤ ኩዌክስፓዝምን ወይም ከእርሱ የተወለደውን አይረንዌልን ያውጣ፤ ሁለቱም በነጻ የሚሰጡ ናቸው። ከገዛው ጨዋታ ውስጥ «ኢድ1» የሚባለውን ማኅደር ገልብጦ ከሞተሩ ጋር በአንድ ቦታ ያስቀምጥ። የቀድሞውን ጨዋታ መደምሰስ አያስፈልግም።

4ኛ፤ ጨዋታውን በአዲሱ ሞተር ይክፈት። በኩዌክስፓዝም ማለስለሱ ከመጀመሪያው የተከፈተ ነው። ለማረጋገጥ የትእዛዝ መጻፊያውን ከፍቶ በላቲን ፊደል «አር_ለርፕሞዴልስ» ብሎ ቢጽፍ የቁመናውን፥ «አር_ለርፕሙቭ» ብሎ ቢጽፍ የቦታውን ሁኔታ ያሳየዋል። 0 ማለት ተዘግቷል፤ 1 ማለት ተከፍቷል ነው። ለቁመናው 2 ቢሰጠው ብልጭታውንና ነበልባሉን ሳይለይ ሁሉን ያለሰልሳል፤ ስለዚህ 1 ይበቃል።

5ኛ፤ አንድ ጊዜ በ0፥ አንድ ጊዜ በ1 አድርጎ ያንኑ ጭራቅ ይመልከት። ልዩነቱን በዐይኑ ካየ በኋላ የሚወደውን ይምረጥ።

ጓደኛዬ ይህን ሁሉ ያደረገው ሩብ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ነው። አንድም ሳንቲም አላወጣም።

መደምደሚያ

ከላይ እንደ ተገለጸው፥ በኩዌክ ውስጥ የሚታየው መቈራረጥ የመጣው ሦስት ነገሮች በመጋጠማቸው ነው፤ በሴኮንድ 10 ጊዜ ብቻ ከሚነቃ ጭራቅ፥ በ255 ደረጃ ብቻ ከተለካ አካል፥ ከሥዕሉ ጋር ከተቈራኘ ሕግ። የመጀመሪያው በመካከል በመሙላት፥ ሁለተኛው ቅርጹን እንደ ገና በመሥራት፥ ሦስተኛው ሕጉንና ሥዕሉን በመለያየት ይቃናል። ሌሎች የቀድሞ ጨዋታዎች በዝርዝሩ ቢለዩም፥ መርማሪው ሊጠይቃቸው የሚገቡት እነዚሁ ሦስት ጥያቄዎች ናቸው፤ በስንት ጊዜ ይነቃል? በስንት ደረጃ ተለካ? ሥዕሉና ሕጉ አንድ ናቸው ወይስ የተለያዩ?

ሁለት ነገሮች በተለይ ሊታሰቡ ይገባቸዋል። አንደኛ፥ ይህ ሁሉ ማቃናት የተቻለው የፕሮግራሙ ምንጭ ስለ ተገለጠ ነው። ምንጫቸው ተቈልፎ የቀሩ ብዙ ጨዋታዎች ግን የሚጠግናቸው ሰው ምክንያቱን የሚፈልገው በግምትና በብዙ ድካም ነው። ሁለተኛ፥ ያቃኑት ሰዎች የቀድሞውን ሥራ አልናቁም፤ የሠሪዎቹን ምልክት አንብበው፥ ትርጕሙን ተረድተው፥ ሕጉን እንደ ነበረ ጠብቀው፥ ማለስለሱን ለማይወድም መዝጊያ አበጅተውለታል። እኛም በተማርነው ትምህርት የሰውን ሥራ ልንጠግን በተቀመጥን ጊዜ፥ ከመደምሰስ በፊት ማንበብን ብናስቀድም፥ እንደ ጓደኛዬ መንፈቅ የሙሉ ድካሙን የሚያጣ ሰው ይቀንሳል ብዬ አምናለሁ።